የፋሲል እባብ ለምን አልበላም? ስለ እባብ ቆዳ መለወጥና ስለ ምልክት አነባበብ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በአቸፈር ምድር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። በዛሬዎቹ መሐንዲሶች ዘንድ ስሟ የሚነሣው በአብዛኛው ከጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጋር ተያይዞ ነው። የሐይቁ ውሃ የሚጠለፈው በእርሷ አካባቢ ሲሆን፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የመሬት ውስጥ ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ተፋሰስ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይኸው ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከቁንዝላ በስተ ምሥራቅ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ ይገባል። የዚህ ወንዝ ምንጭ ደግሞ በሰከላ፣ ግሽ በተባለው ስፍራ ነው።

ከወንዙ ምንጭ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ባለው በዚህ ምድር፣ ከ250 ዓመታት በፊት፣ አንድ ኃይለኛ የጦር መሪ ፈረሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚያኖረው እባብ መብላት አለመብላቱን ይጠይቅ ነበር ይባላል። እባቡ ከበላ ይዘምታል፤ ካልበላ ግን ከደጁ አይወጣም። ወሬው ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጥንት ሰዎች አጉል እምነት ምን ያህል እንደነበር ለማሳየት ነው። ይሁንና የእባብን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ሲያነብ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ለመሆኑ እባቡ የማይበላው ለምን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግና ከመልሱም የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

በሐይቁ ምዕራብ ያለፈው መንገድ

በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ከተገደሉ በኋላ የጎንደርን ሥልጣን በእጁ ያስገባው የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ነበር። ዳሞትን፣ ሜጫንና የአገውን ምድር የያዘው ፋሲል ወረኛ ግን ለሚካኤል አልገዛም አለ። ሁለቱ በ1762 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ፋግታ ላይ ተዋጉ፤ ድሉም የሚካኤል ሆነ። ፋሲል ቢሸነፍም አልጠፋም። ወደ ዓባይ ምንጭ ለመሄድ የሚፈልግ ማንኛውም መንገደኛ ከዚያም በኋላ የእርሱን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት።

በጎንደር ያዕቆብ እየተባለ ይጠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ ከተማይቱ የገባው በዚሁ በ1762 ዓ.ም.፣ በየካቲት ወር ነው። ዓላማው የዓባይን ምንጭ ማየት ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ ጢስ ዓባይን ቢያይም፣ ከጦርነቱ የተነሣ ምንጩ ዘንድ ሳይደርስ ተመለሰ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት 1763 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ጉዞውን ጀመረ። ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል አልፎ ባምባ በተባለ ስፍራ ከፋሲል ጋር ተገናኘ። ፋሲል መጀመሪያ እንግዳውን ቢያፌዝበትም፣ በመጨረሻ ፈቃዱን ሰጠው። የፈቃዱም ምልክት ያደረገው የራሱን ፈረስ ነበር፤ ፈረሱ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ያለ ጋላቢ ከመንገደኞቹ ፊት ፊት እንዲነዳ አዘዘ። ያገሩ ሰው የጌታውን ፈረስ ሲያይ መንገደኞቹን የሚነካ አይኖርም ማለት ነው።

ብሩስ ከዚህ በኋላ የተጓዘው ዛሬ ቁንዝላ ካለችበት ዳርቻ በስተ ምዕራብ፣ በድንግል በርና በቅልጢ ወንዝ በኩል ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ግሽ ደረሰ። እዚያ የተቀበለው የምንጩ ጠባቂ የሆነው ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ ነው። ብሩስ በግሽ ጥቂት ቀናት ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን መዘገበ፤ ማስታወሻውም ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ በኤደንብራ በአምስት ቅጽ ታተመ።

በግሽ የተነገረው ወሬ

ብሩስ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ በአገሩ ሰዎች ቤት ስለሚኖሩ እባቦች ነው። ሰዎቹ እባቦቹን አይገድሏቸውም፤ ይልቁንም ያከብሯቸዋል። ወራሪ ከመምጣቱ ወይም ጠላት ወደ አገሩ ከመግባቱ በፊት እባቦቹ በድንገት ይሰወራሉ፤ ቢፈለጉም አይገኙም ሲሉ ነገሩት። ስለ ፋሲል የተነገረውም እዚሁ ላይ ነው። ብሩስ ብልህና ተንኮለኛ የሚለው ይህ ገዥ በእንደዚህ ያለው ጥንቆላ እጅግ ያምን ስለነበር፣ በቤቱ የሚያኖረው እባብ ምግብ እንቢ ካለ በፈረስ አይቀመጥም፣ ከቤቱም አይወጣም ይባላል ሲል ጽፏል። ነገሩ በዓይን የታየ ሳይሆን በጆሮ የተሰማ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

የአበላልን ሁኔታ እንደ ምልክት መውሰድ በዓባይ አካባቢ ብቻ የነበረ ልማድ አይደለም። የጥንቷ ሮማ ሠራዊት ወደ ጦርነት ሲሄድ የተቀደሱ ዶሮዎችን በጎጆ ይዞ ይሄድ ነበር። ዶሮዎቹ የተበተነላቸውን እህል በስስት ከለቀሙ ድል ይጠበቃል፤ ካልበሉ ውጊያው ይዘገያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ዓመት ፑብሊዩስ ክላውዲዩስ ፑልከር የተባለው የመርከብ ጦር አዛዥ ዶሮዎቹ አልበላ ቢሉት ተናዶ ባሕር ውስጥ አስጣላቸውና ድሬፓና ላይ ተዋጋ፤ ክፉኛም ተሸነፈ። ሮማውያን ከሽንፈቱ የተማሩት ዶሮዎችን ማክበር እንደሚገባ ነው። በመርከብ ላይ ባሕር ሲያናውጣት የዋለች ዶሮ እህል የማትበላው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ትምህርት ነበረ።

ስለ ፋሲል እባብም ጥያቄው ይኸው ነው። እባብ ምግብ እንቢ የሚልባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ጠግቦ ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ሊሆን ይችላል፤ ሕመም ወይም የመራቢያ ወቅት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጤናማ በሆነ እባብ ላይ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚታየው ምክንያት ግን ቆዳ መለወጥ ነው። ይህንንም ለማወቅ የአገሩ ሊቃውንት የግድ የባሕር ማዶ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም ነበር። ነገሩ ከሺህ ዓመት በላይ በግዕዝ ተጽፎ በእጃቸው ነበረና።

ፊሳልጎስ ያወቀው ነገር

ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በመጀመሪያ የተጻፈው በግሪክኛ ሲሆን፣ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ነው። መጽሐፉ የአራዊትን፣ የአዕዋፍን፣ የዕፅዋትንና የድንጋዮችን ጠባይ እያነሣ ከእያንዳንዱ መንፈሳዊ ምሳሌ ያወጣል። ጀርመናዊው የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ፍሪትዝ ሆመል የግዕዙን ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1877 በላይፕሲግ አሳትሞታል።

ፊሳልጎስ ስለ እባብ ከሚናገራቸው ጠባዮች የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው። እባብ ሲያረጅ ዓይኑ ይፈዛል። ወጣትነቱን ለመመለስ ሲፈልግ ቆዳው እስኪላላ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ይጾማል። ከዚያም ጠባብ የዓለት ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ ሲሾልክ ያረጀው ቆዳው ተገፎ ይቀራል፤ እርሱም ታድሶ ይወጣል። የመጽሐፉ ምሳሌ ግልጽ ነው፤ ሰውም በጾምና በተጋድሎ አሮጌውን ባሕርይ አውልቆ በጠባቡ ደጅ መግባት ይገባዋል ማለት ነው።

ከምሳሌው ተለይቶ የተፈጥሮው ምልከታ ብቻ ሲታይ ግን የጸሐፊው ዓይን የሚያስደንቅ ነው። ዓይን መፍዘዝ፣ ምግብ መተው፣ የቆዳ መላላት፣ ሻካራና ጠባብ ነገር መፈለግ፣ በመጨረሻም ቆዳ መጣል፤ አምስቱም ምልክቶች ትክክል ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ቢሆን ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። የተሳሳተው በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ እባብ ቆዳውን የሚለውጠው ስላረጀ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ አዘውትሮ የሚለውጠው ፈጥኖ የሚያድገው ጨቅላ እባብ ነው። ሁለተኛ፣ ጾሙ እንደ ዐቢይ ጾም 40 ቀን አይሞላም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው።

እንግዲህ ከጎንደር አድባራትና ከጣና ገዳማት የተማረ ሰው የእባብ ዓይን መፍዘዝና ጾም የቆዳ ለውጥ ምልክት መሆኑን ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችል ነበር። በግሽ ያለው ባለእባብም በየጊዜው በቤቱ ጥግ የተጣለ ቆዳ ማግኘቱ አይቀርም። የመጽሐፉ ዕውቀትና የቤቱ ዕውቀት ግን አልተገናኙም። መጽሐፉ ምልክቱን ለስብከት ወሰደው፤ ቤቱ ለጥንቆላ ወሰደው፤ እባቡም በሁለቱ መካከል ራሱን የቻለ ፍጥረት ሆኖ ሳይታይ ቀረ።

ቆዳው እንዴት ይለወጣል?

የእባብ የላይኛው የቆዳ ክፍል ኬራቲን ከተባለው፣ ጥፍርና ቀንድ ከሚሠራበት ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። ይህ ክፍል አንዴ ከጠነከረ በኋላ አያድግም፤ እያለቀም ይሄዳል። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ድርብ ይሠራል። አዲሱ ድርብ ሲበስል በእርሱና በአሮጌው መካከል ያለው ቦታ ሊምፍ በሚባል ፈሳሽ ይረጥባል፤ ሁለቱም ይላቀቃሉ። ፖል ማደርሰን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት ይህን ዑደት ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ አሳይቷል።

በውጭ ለሚመለከት ሰው ሁኔታው እንዲህ ይታያል። በመጀመሪያ የእባቡ ቀለም ይደበዝዛል፤ የሚያብረቀርቀው ገላው አቧራ እንደ ለበሰ ይመስላል፤ ሆዱም አንዳንድ ጊዜ ሮዝ ቀለም ያወጣል። ቀጥሎ ዓይኑ እንደ ወተት ይነጣል ወይም ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። እባብ የሚከደን ሽፋሽፍት የለውም፤ ዓይኑን የሚጠብቀው እንደ መነጽር የሚያስተላልፍ አንድ ቅርፊት ነው። ይህም ቅርፊት ከቆዳው ጋር አብሮ የሚለወጥ በመሆኑ ፈሳሹ ከሥሩ ሲገባ ዓይኑ ይደፈርሳል። በእነዚህ ቀናት እባቡ አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ይሸሸጋል፤ ቢነኩት ይደነግጣል፤ ለወትሮው ገራም የነበረውም ሊናከስ ይችላል፤ ምግብም አይፈልግም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ እንደገና ይጠራል። ልምድ የሌለው ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው የሚጣለው ዓይኑ ከጠራ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ነው። እባቡ አፍንጫውንና ከንፈሩን በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ እያሸ ቆዳውን ከከንፈሩ ያስለቅቃል፤ ከዚያም ወደፊት እየተሳበ እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቀዋል። በመልካም ሁኔታ የወጣ ቆዳ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ የሁለቱ ዓይኖች መነጽርም በላዩ ይታያል። በቅርፊቶቹ መካከል ያለው እጥፋት ስለሚዘረጋ ርዝመቱ ከእባቡ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት የተጣለውን ቆዳ ብቻ ያየ ሰው ስለ እባቡ ትልቅነት የሚያወራው ሁልጊዜ የተጋነነ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእባብ ቆዳ ያየ ሰው ግን የሚበረግገው ከእባቡ ከራሱ ለሚበልጥ ነገር ነው።

ጨቅላ እባብ በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ ቆዳውን ሊለውጥ ይችላል። ያደገው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይለውጣል። ይህንን ወደ ፋሲል ቤት መልሰን ብናሰላው፣ ጤናማ የሆነ አንድ ትልቅ እባብ ቆዳውን በዓመት አራት ጊዜ ቢለውጥና በየጊዜው አሥር ቀን ቢጾም፣ ገዥው በዓመት 40 ቀን ያህል ከቤቱ ሳይወጣ ይቀር ነበር ማለት ነው። ስሌቱ ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን የጦር መሪ ውሳኔ ምን ያህል በባዕድ ዑደት ሊታሰር እንደሚችል ያሳያል።

የብሩስ መስታወት ማሰሮ

ከሁሉ የሚያስገርመው ብሩስ ራሱ መልሱን በእጁ ይዞ የነበረ መሆኑ ነው። በአምስተኛው ቅጽ፣ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት በጻፈበት ክፍል፣ ሴራስቴስ ስለተባለው ባለ ቀንድ የበረሃ እፉኝት ሰፊ ሐተታ አለው። በዚያም ከእነዚህ እባቦች ሁለቱን በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ለሁለት ዓመት ምንም ምግብ ሳይሰጣቸው እንዳቆያቸው፣ በክረምትም ሲተኙ እንዳላየ፣ ቆዳቸውንም በአፕሪል ወር የመጨረሻ ቀናት እንደለወጡ ጽፏል።

በዚህ አጭር ማስታወሻ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፍሬ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ እባብ ያለ ምግብ እጅግ ረጅም ጊዜ ሊኖር መቻሉ ነው። እባብ የገላውን ሙቀት ከውጭ ስለሚያገኝ እንደ ወፍና እንደ አጥቢ እንስሳ ምግቡን ለሙቀት አያነድደውም። ስለዚህ ለሰው ወይም ለፈረስ የአንድ ሳምንት አለመብላት የሕመም ምልክት ቢሆንም፣ ለእባብ ተራ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ተይዞ የሚኖር እባብም ቆዳውን በራሱ ጊዜ የሚለውጥ መሆኑ ነው። የማሰሮው እባቦች ቆዳቸውን የለወጡት ጦር ስለመጣ አልነበረም።

ብሩስ በሦስተኛው ቅጽ ስለ ፋሲል እባብ ጻፈ፤ በአምስተኛው ስለ ራሱ እባቦች ጻፈ። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ኖሮ የግሽን ወሬ በከፊል ሊፈታው ይችል ነበር። የመጀመሪያውን እንደ ሕዝብ ልማድ፣ ሁለተኛውን እንደ ተፈጥሮ ጥናት መዝግቦ በየመደርደሪያቸው አኖራቸው። በዚህ ረገድ ከፊሳልጎስ አንባቢ የሚለየው ጥቂት ነው።

ወቅትና ዘመቻ

ከግሽ ወሬ ግማሹ ገና ይቀራል። እባቦቹ ጠላት ከመምጣቱ በፊት ይሰወራሉ የተባለውስ ከየት መጣ?

ለዚህ የአገሩን የአየር ጠባይና የዘመቻውን ወቅት ማስተያየት ይጠቅማል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ግሽ ከዚያ በ1,000 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል የደጋው ሌሊት ይበረታል፤ ሣሩም ይደርቃል። እባብ በብርድና በድርቀት ጊዜ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ድንጋይ ካብና ወደ ዋሻ ይገባል። ቆዳውን ሊለውጥ ሲቃረብም እርጥበት ያለበትን ሥርጥ ፈልጎ ይሸሸጋል።

የጦር ዘመቻስ መቼ ነበር? ክረምት በሆነ ጊዜ ዓባይና ገባሮቹ ሞልተው መሻገሪያ አይኖርም፤ ሠራዊትም በጭቃ መጓዝ አይችልም። ስለዚህ ጦር የሚነሣው ወንዞች ከጎደሉ በኋላ ነው። የፋግታ ጦርነት የተደረገው በታኅሣሥ ነበር። ብሩስን ከመንገድ የመለሰው ዘመቻ የተካሄደው በግንቦት፣ ዋናው ዝናም ከመግባቱ በፊት ነበር። እንግዲህ እባቦቹ የሚሰወሩበትና ወራሪ የሚመጣበት ጊዜ አንድ ወቅት ነው። ሁለቱንም ያመጣው በጋው ሲሆን፣ አንዱ ለሌላው ምልክት መስሎ ታየ።

የግሽ ሰዎች ምልከታ ውሸት አልነበረም። እባቦቹ በእርግጥ ይሰወሩ ነበር፤ ጠላትም በእርግጥ ይመጣ ነበር። ስሕተቱ ያለው ሁለቱ ነገሮች አብረው ሲሆኑ ማየትን፣ አንዱ ስለ ሌላው ይናገራል ከማለት ጋር በማደባለቅ ነው። ይህ ስሕተት በአንድ ዘመን ወይም በአንድ ሕዝብ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

ለያዘው ሰው የሚገባ ጥንቃቄ

ዛሬ በብዙ አገሮች እባብን በቤት ማሳደግ የተለመደ ነው። በዩኒቨርሲቲዎችና በአራዊት ማቆያዎችም እባቦች ለትምህርትና ለመድኃኒት ጥናት ይያዛሉ። በኢትዮጵያም ቡናማው የቤት እባብ የሚባለው፣ መርዝ የሌለውና አይጥ የሚበላው ዝርያ በሰው መኖሪያ አካባቢ ይገኛል። የአገሪቱን እባቦች በዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማልኮልም ላርገንና ስቲቨን ስፖልስ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ እንቁራሪት መሰልና ገበሎ አስተኔ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙትን መጽሐፍ መመልከት ይችላል። እባብን በኃላፊነት የያዘ ሰው የፋሲል ቤት ያላወቀውን ማወቅ ይገባዋል።

ዓይኑ የፈዘዘ እባብ አይመገብም፤ ቢሰጠውም አይገደድም። በእጅ ማንሣትም አይገባም፤ አዲሱ ቆዳ ገና ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል፤ እባቡም በፍርሃት ላይ ነው። ዋናው የሚያስፈልገው እርጥበት ነው። በማኖሪያው ውስጥ በረጠበ ሽበት ወይም ጨርቅ የተሞላ ጠባብ መሸሸጊያ ማኖር፣ ገላውን ሊነክርበት የሚችል የውሃ ዕቃ ማቅረብ፣ ቆዳውን የሚያስለቅቅበት ሻካራ ድንጋይ ወይም ግንድ ማስቀመጥ ይበቃል። ፊሳልጎስ ጠባብ ስንጥቅ ያለው ይህንኑ ነው።

ቆዳው ከተጣለ በኋላ መመርመር ያስፈልጋል። አንድ ወጥ ሆኖ ከወጣ፣ ሁለቱ የዓይን መነጽሮችና የጅራቱ ጫፍ ካሉበት፣ ሁሉ ደኅና ነው። ተቆራርጦ ከወጣ ግን አንድ ነገር ጎድሏል፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው እርጥበት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም መዥገር መሰል ተባይ፣ ቁስል ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል። ገላው ላይ የቀረው ቆዳ በእጅ ተጎትቶ አይነሣም። እባቡን ጥልቀት በሌለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ከዚያም በረጠበ ጨርቅ መካከል እየተሳበ በራሱ እንዲያወልቀው ማድረግ ይሻላል። በጅራት ጫፍ እንደ ቀለበት የሚቀር ቆዳ ችላ ከተባለ ደም እንዳይዘዋወር አንቆ ጫፉን ያደርቀዋል። በዓይን ላይ የቀረውን መነጽር ደግሞ በወረንጦ ለማንሣት መሞከር ዓይኑን ሊያጠፋው ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም መተው ይገባል። ሁሉ በመልካም ካለቀ እባቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምግቡን ይጠይቃል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ከወትሮው በበለጠ ፍላጎት ይበላል። ፋሲል እንዲህ ባለው ቀን ምን ያህል ደስ ይለው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ምልክትና መለኪያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመሐንዲስ የሚሆን ቁም ነገር አለ። ፋሲል በአንድ በኩል እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ነበር። ከመነሣቱ በፊት ምልክት ይመለከታል፤ ምልክቱም ባልተስማማው ጊዜ ይቆያል። ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ የማየው ነገር በውጭ ያለውን ዓለም የሚለካ ነው ወይስ የራሱን ሁኔታ የሚናገር?

ጥያቄው ዛሬም በየሥራው አለ። በሐይቅ ዳር የተተከለ የውሃ ከፍታ መለኪያ በድንገት አልንቀሳቀስ ቢል፣ ሐይቁ ጸጥ ብሏል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ውሃ የሚያስገባው ቧንቧ በደለል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በግድብ አካል ውስጥ የተቀበረ የግፊት መለኪያ ንባቡ ቀስ በቀስ ሲቀየር የግድቡ ሁኔታ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያው ራሱ አርጅቶም ሊሆን ይችላል። መለኪያ ሁሉ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ዕድሜ፣ የራሱ ዑደት አለው። ይህንን ሳያውቅ ንባቡን ብቻ የሚከተል ሰው አንድ ቀን በከንቱ ሥራ ያቆማል፤ ሌላ ቀን ደግሞ እባቡ በልቷል ብሎ ወደ አደጋ ይገሰግሳል። ከሁለቱም ሁለተኛው ይከፋል።

መፍትሔው ምልክትን መናቅ አይደለም። የሮማው አዛዥ ዶሮዎቹን ባሕር ውስጥ ሲጥል የመለኪያውን ጠባይ አላጠናም፤ መለኪያውን ሰበረ እንጂ። መፍትሔው ፊሳልጎስ የጀመረውንና ብሩስ በማሰሮው የቀጠለውን ምልከታ እስከ ፍጻሜው ማድረስ ነው፤ ይኸውም ዓይኑ መቼ እንደሚፈዝ፣ ስንት ቀን እንደሚጾም፣ ቆዳው መቼ እንደሚወጣ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ጎረቤት ካለው መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። በግሽ አንድ ሰው የቤቱን እባብ ለሁለት ዓመት በዚህ ዓይን ተከታትሎ ቢሆን ኖሮ፣ እባቡ ምግብ እንቢ ባለ ማግስት የገዥውን ፈረስ ኮርቻ ከማራገፍ ይልቅ የረጠበ ሣር ያቀርብለት ነበር።

ግልገል ዓባይ ዛሬም ከግሽ ተነሥቶ በቁንዝላ አጠገብ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ውሃውም በየዕለቱ ይለካል። የሚለኩት ሰዎች ከፋሲል የሚለዩት መለኪያቸውን የሚጠራጠሩ በሆኑ መጠን ነው።